መቶ ሺህ ዶላሩና የኤች ዋን ቢ ዕጣ፦ ሃያ ሁለት ምላሾች

ክርክሩን የከፈትሁት እኔ ነኝና የተሳሳትሁትንም የምናገረው እኔው ነኝ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ አዋጅ ፈረሙ፤ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ባለሙያ አዲስ የኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚያመለክት አሠሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል የሚያዝ ነው። እኔም ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ ጻፍሁ። አመክንዮዬ አጭር ነበር። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ባለሙያ በአገር ውስጥ አጣን እያሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያመለክቱ ኖረዋል። ባለሙያው በእርግጥ የማይገኝ ከሆነ፣ መቶ ሺህ ዶላር ቪዛው ሊቆይ ለሚችልበት ስድስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 17,000 እንኳ አይሞላም፤ ይህን ለመክፈል እምቢ የሚል ኩባንያ ከመጀመሪያውም የፈለገው ብርቅ ባለሙያ ሳይሆን ርካሽ ባለሙያ ነበር ማለት ነው። ስሌቱ የት ላይ ይስታል ብዬ ጠየቅሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ላብራራ። ኤች ዋን ቢ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚጠይቅ ሙያ አሠሪው ለውጭ አገር ዜጋ የሚያመለክትለት ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ነው። እስከ ሦስት ዓመት ይሰጣል፤ እስከ ስድስት ይታደሳል፤ የግሪን ካርድ ሂደት ከተጀመረ ከዚያም በላይ ሊራዘም ይችላል። በዓመት 65,000 ቦታ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ቦታ አለ። ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልተቋቋሙ የምርምር ተቋማት ከዚህ ጣሪያ ነፃ ናቸው። አመልካቹ ከቦታው እጅግ ስለሚበልጥ ዕጣ ይወጣል።

1ኛው መላሽ ምስጋናውን አስቀድሞ አረመኝ። ቪዛቸውን የሚያድሱትም ይከፍላሉ ብዬ ጽፌ ነበር፤ አይከፍሉም። ስሕተቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ግን በትሕትና ገለጸ፤ አዋጁ በተፈረመበት ዕለት የንግድ ሚኒስትሩ ሃዋርድ ላትኒክ ክፍያው በየዓመቱ የሚፈጸም አስመስለው ተናግረው ነበር። በማግሥቱ ዋይት ሐውስ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል መሆኑንና ቀድሞ ቪዛ የያዘውን እንደማይነካ አስታወቀ። በመካከል ባለችው አንድ ቀን አንዳንድ ታላላቅ ኩባንያዎች ለዕረፍት የወጡ ሠራተኞቻቸው አዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል በፍጥነት ተመልሰው እንዲገቡ መክረዋል። እርማቱን ተቀብዬ ጽሑፌን አስተካከልሁ።

2ኛው የታሪክ ሰው ይመስላል። ቪዛው የዛሬ መልኩን ያገኘው አባትየው ቡሽ በኖቬምበር 1990 በፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ እንደሆነና እኛ ሁላችን የምናውቀው ዲቪም የዚያው ሕግ ልጅ እንደሆነ አስታወሰ፤ ባለዲግሪውንም ባለዕድሉንም አንድ ሕግ ወለዳቸው። ኮንግረስ ጣሪያውን ለ1999 እና ለ2000 የበጀት ዓመታት ወደ 115,000፣ ከዚያም እስከ 2003 ድረስ ወደ 195,000 ከፍ አድርጎት ነበር፤ በ2004 ተመልሶ 65,000 ላይ ወረደ። ይህ መላሽ የሚገርመው ነገር፣ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ለሕዝብ ሳይከፈት የተቆረጠ ቁጥር ዛሬም ያንኑ ዘርፍ መግዛቱ ነው። ቁጥሩ ይጨመር ወይስ ይቀነስ የሚለውን ግን አልነገረንም፤ ስጠይቀውም ዝም አለ።

3ኛው አጭር ነበር፤ አንድ መንግሥት በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ዜጋው ነው አለ። በዲሴምበር 2024 የትራምፕ ደጋፊ የነበሩት ባለሀብቶች ኢላን መስክና ቪቬክ ራማስዋሚ ቪዛውን ደግፈው ሲቆሙ የራሳቸው የፖለቲካ ጎራ እንዴት እንደተነሣባቸው ጠቅሶ፣ ጉዳዩ የግራና የቀኝ ሳይሆን የአሠሪና የሠራተኛ ነው ሲል ደመደመ። ጨዋ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ጨዋ ነበርን።

4ኛውን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብሁት። ጸሐፊው ለሃያ ዓመት ያህል በመረጃ ቋት አስተዳደር የሠራ የአሜሪካ ዜጋ ነው። አንድ ቀን አለቃው ክፍሉ በሙሉ ለአንድ ውጫዊ ተቋራጭ እንደሚሰጥ ነገረው፤ የስንብት ክፍያውን ለማግኘት ግን ተተኪውን ለሦስት ወር ማሠልጠን ነበረበት። ተተኪው ወጣት በዚሁ ቪዛ የመጣ ነበር። ሰውየው የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የሁሉም ሰው ትዝታ ግን በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ኦርላንዶ ውስጥ በዲዝኒ ወደ ደረሰው ሄደ፤ በዚያ 250 ያህል የኮምፒውተር ሠራተኞች ሲሰናበቱ ከፊሎቹ ተተኪዎቻቸውን አሠልጥነው እንደወጡ በሰፊው ተዘግቧል። የ4ኛው መላሽ ጥያቄ አንዲት ነበረች። እኔ የማልገኝ ባለሙያ ከሆንሁ ተተኪውን ያሠለጠነው ማን ነው?

5ኛው የሕግ ዕውቀት ያለው ሰው ነበር፤ ይህ እንዴት ሕጋዊ ሊሆን እንደቻለ አስረዳ። አብዛኛው አሠሪ ቪዛውን ለማመልከት አሜሪካዊ ፈልጎ እንዳጣ ማስረዳት ጨርሶ አይጠበቅበትም። ይህ ግዴታ ያለበት በቪዛው ላይ ጥገኛ የሚባለው፣ ለምሳሌ ከ50 በላይ ሠራተኞች ኖረውት ከመቶ 15ና ከዚያ በላይ የሚሆኑት በዚህ ቪዛ የመጡለት አሠሪ ነው። እሱም ቢሆን ለባለሙያው በዓመት 60,000 ዶላር ከከፈለ፣ ወይም ባለሙያው በሙያው ማስተርስ ካለው፣ ከግዴታው ነፃ ይሆናል። ይህ የ60,000 ዶላር መጠን በ1998 ተወስኖ እስከ ዛሬ አንድ ዶላር እንኳ አልተጨመረበትም። የዋጋ ግሽበት በየዓመቱ አጥሩን ዝቅ ሲያደርገው ኮንግረስ ቁጭ ብሎ አየ ማለት ነው። እኔ በመክፈቻው ላይ ኩባንያዎች ባለሙያ አጣን ብለው እንደሚያመለክቱ የጻፍሁት በዚህ ፈረሰ፤ አብዛኞቹ እንዲህ እንዲሉ የሚጠይቃቸው የለም።

6ኛው ከርእሱ ትንሽ ወጣ ብሎ በቃል አጠቃቀማችን ላይ ቅሬታውን አቀረበ። ዲግሪ ይዞ በደመወዝ ተቀጥሮ የመጣን ሰው ስደተኛ ማለት ልክ አይደለም፤ ስደት መሸሽ ነው፤ ይህ ፍልሰት ነው አለ። ሁለት ሰዎች ደግፈውት፣ አንዱ ደግሞ ፍልሰት የአዕዋፍ ነው ብሎ ቀለደበት። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ሰውየውን በምን ስም እንደምንጠራው ምን እንደሚገባው ቀድሞ ይወስናል፤ ስደተኛ ካልነው ምጽዋት የተቀበለ ይመስላል፤ ሠራተኛ ካልነው የደመወዝ ጥያቄ ይነሣል።

7ኛው የዕጣውን ነገር ዘረዘረ፤ ከሁሉ የተማርሁት ከዚህ ነው። ከ2020 ጀምሮ ምዝገባው በኢንተርኔት ሆነ፤ የመመዝገቢያ ዋጋውም 10 ዶላር ነበር። ዕጣው የሚወጣው በምዝገባ እንጂ በሰው ስላልነበረ፣ አንድን ሰው በብዙ ኩባንያዎች ስም ማስመዝገብ ዕድሉን ያበዛለታል። ለ2024 የበጀት ዓመት ተቀባይነት ካገኙት 759,000 ያህል ምዝገባዎች 409,000 ያህሉ ከአንድ በላይ ለተመዘገቡ ሰዎች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ዕጣው በሰው እንዲቆጠር ሲደረግ ቁጥሩ ወደ 470,000 ወረደ። 7ኛው መላሽ ፕሮግራመር ነውና ነገሩን በፕሮግራመር ዓይን አየው፤ ስሕተቱ የመርሐ ግብሩ ነው፤ ሕጉ የጻፈውን ሥርዓቱ በትክክል ፈጸመ፤ ያልተፈለገው ውጤትም ያንኑ ተከትሎ መጣ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገሩ የእኔን መነሻ ነካ፦ ዕጣ ውስጥ በዓመት 300,000 ዶላር የሚከፈለው ተመራማሪና በትንሹ የደመወዝ እርከን የተቀጠረው ጀማሪ እኩል ነበሩ፤ ዕጣው ብርቁን ከርካሹ አይለይም ነበር።

8ኛው በ4ኛውና በ5ኛው ላይ ተነሣ። ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ተገቢ አይደለም፤ ታላላቆቹ የሶፍትዌር ኩባንያዎች በዚህ ቪዛ ለሚያመጡት ሰው የሚከፍሉት ከአገሬው እኩል ነው፤ ችግሩ ሰው የሚያከራዩት ተቋራጮች ናቸው አለ። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን የደመወዝ እርከኖቹን አልጠቀሰም፤ እኔ ልጥቀስ። አሠሪው ቢያንስ በአካባቢው ለሙያው የሚከፈለውን ደመወዝ መክፈል አለበት፤ ይህም አራት እርከን አለው። የመጀመሪያው እርከን የተቀመጠው በሙያው ካሉት ከመቶ ሠራተኞች አሥራ ሰባቱ ከዚያ በታች በሚከፈላቸው መጠን ላይ፣ ሁለተኛው ሠላሳ አራቱ ከዚያ በታች በሚከፈላቸው ላይ ነው። መካከለኛው ደመወዝ የሚደረሰው በሦስተኛው እርከን ነው። እንግዲህ ከአራቱ እርከኖች ሁለቱ ከመካከለኛው በታች የተሠሩ ናቸው።

9ኛው የኢኮኖሚክስ መምህር እንደሆነ የሚያስታውቅ ረጅም ጽሑፍ አቀረበ። ዋና ነጥቡ፣ በአንድ አገር ያለው ሥራ አንድ ሰው በወሰደ ቁጥር ለሌላው የሚጎድል የተወሰነ ክምችት አይደለም የሚል ነው። ምሳሌው በ1980 ከማሪኤል ወደብ ተነሥተው አሜሪካ የገቡት 125,000 ያህል ኩባውያን ናቸው፤ የማያሚ የሠራተኛ ቁጥር በጥቂት ወራት በ7 በመቶ ሲያድግ፣ ዴቪድ ካርድ በ1990 ባሳተመው ጥናት የነባሩ ሠራተኛ ደመወዝ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላየም። ጆርጅ ቦርሃስ ግን በ2017 ቁጥሮቹን እንደገና መርምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁ ወንዶች ደመወዝ እጅግ እንደወረደ ጻፈ፤ ሌሎችም ናሙናው አነስተኛ ነው ብለው ተከራከሩት። መምህሩ ሁለቱንም ወገን ማቅረቡን አከብርለታለሁ።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ስለ ኮምፒውተር ባለሙያዎች ራሳቸው ያነሣው ጥናት ነው። ጆን ባውንድ፣ ጋውራቭ ካናና ኒኮላስ ሞራሌስ የ1990ዎቹን ዓመታት መርምረው ነበር። ወደ ዘርፉ የሚገቡት የውጭ ባለሙያዎች ተገድበው ቢሆን ኖሮ፣ በ2001 የአሜሪካ ኮምፒውተር ባለሙያዎች ደመወዝ ከ2.6 እስከ 5.1 በመቶ፣ በዘርፉ የሚቀጠሩት አሜሪካውያን ቁጥርም ከ6.1 እስከ 10.8 በመቶ ከፍ ይል ነበር ብለው ገመቱ። በዚያው ጥናት ግን የባለሙያዎቹ መምጣት ምርትን እንደጨመረ፣ ዋጋን እንደቀነሰ፣ ለሸማቹና ለኩባንያዎቹ እንደጠቀመ ይነበባል። ስለዚህ 4ኛውም 9ኛውም ልክ ነበሩ። አገሪቱ በጠቅላላው አተረፈች፤ ትርፉም ዋጋውን ከከፈለው ሰው ኪስ ሳይደርስ ቀረ።

10ኛው ስለ ቲማቲም ጻፈ። በመጀመሪያ ቦታ የሳተ መስሎኝ ነበር። ከ1942 እስከ 1964 ድረስ ብራሴሮ በሚባለው ስምምነት የሜክሲኮ ገበሬዎች በአሜሪካ እርሻዎች በጊዜያዊነት ይሠሩ ነበር፤ በመጨረሻ መንግሥት የአገሬው ሠራተኛ ደመወዝ እንዲያድግ ብሎ በሩን ዘጋው። ማይክል ክሌመንስ፣ ኢታን ሉዊስና ሐና ፖስቴል የተከተለውን ሲመረምሩ የአገሬው ደመወዝ በዚህ ምክንያት አላደገም። ባለእርሻዎቹ ደመወዝ ከመጨመር ይልቅ ማሽን ገዙ፤ ማሽን ያልተሠራለትን ሰብል ደግሞ መዝራት ቀነሱ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራው የቲማቲም ማጨጃ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበርና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማሳውን ወረሰው። እንግዲህ ዛሬ ኮድ የሚጽፍ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ በቆመበት ሰዓት የፕሮግራመሩን በር ብትዘጉ ኩባንያው ወደ ማን የሚዞር ይመስላችኋል ሲል ጠየቀ። ለዚህ የሰጠሁት መልስ ደካማ ነበር፤ ቲማቲም ሶፍትዌር አይደለም አልሁት።

እስከ 10ኛው ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባል ነበር። 11ኛው አንተ ብሎ ጀመረ። ያነጣጠረው በመምህሩ ላይ ነው። በአማካይ ተጠቅመናል የሚል ሰው ራሱ ከአማካዩ በላይ የተቀመጠ ነው፤ ቋሚ ወንበር ላይ ያለ መምህር ከሥራ ለተባረረ ሰው ስለ ጠቅላላ ምርት ማውራቱ በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው አለ። ቀጥሎም መምህሩ ባልጻፈው ነገር ከሰሰው፤ በኩባንያ ገንዘብ የተገዛ ብዕር አደረገው። ያንን ያለ ማስረጃ መጻፉ ነውር ነበር። ቁጣውን ግን ለመናቅ አልቻልሁም።

12ኛው በዚሁ ቪዛ የምትኖር ሴት ናት። ለማንም ጥብቅና አልቆመችም፤ ኑሮዋን ብቻ ነገረችን። ሥራዋን ብታጣ 60 ቀን አላት፤ በዚያ ውስጥ ሌላ አሠሪ ካላገኘች ወይም ሌላ ሕጋዊ መንገድ ካልተከፈተላት ከአገር ትወጣለች። ከ2000 ወዲህ አሠሪ መለወጥ በሕግ ቀላል እንደሆነ ታውቃለች። ነገር ግን የግሪን ካርድ ማመልከቻ የሚጀምርላት አሠሪው ነው፤ ገና በጅምሩ አሠሪ የለወጠ ሰው ብዙውን ጊዜ የወረቀቱን ሥራ ከሀ ይጀምራል። በሥራ በኩል የሚሰጠው ግሪን ካርድ በዓመት 140,000 ያህል ነው፤ ቤተሰብም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ከአንድ አገር የተወለዱ ደግሞ ከ7 በመቶ በላይ እንዲወስዱ በመደበኛው አይፈቀድም። አብዛኞቹ ባለቪዛዎች ሕንዳውያን ስለሆኑ ሰልፋቸው በአሥርት ዓመታት ይቆጠራል፤ በሰልፉ ላይ እያሉ ልጃቸው 21 ዓመት ሞልቶት ከወላጆቹ ማመልከቻ ይወጣል። እሷ ራሷ ሕንዳዊት አይደለችም፤ የምትናገረው ስለ ባልደረባዋ ነው። ስለ ራሷ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደመወዝ ጭማሪ ጠይቃ አታውቅም።

ከመክፈቻ ጽሑፌ ውስጥ የጎደለው ይኸው ነበር። እኔ ያሰላሁት ኩባንያው ለቪዛው የሚከፍለውን ነው፤ ቪዛው ለኩባንያው የሚሰጠውን ሥልጣን አላሰላሁም። ጭማሪ ለመጠየቅ የሚፈራ ሠራተኛ አጠገቡ ያለውንም ዜጋ ደመወዝ ይይዝበታል፤ 4ኛው መላሽና 12ኛዋ ባላንጣ የሚመስሉት ገመዱን የያዘው ሦስተኛ ሰው ከሥዕሉ ስለወጣ ነው።

13ኛው ካልተመቸሽ አገርሽ ግቢ የሚል ፍሬ የሌለው ነገር ጽፎ ሄደ። 14ኛው ገሠጸው፤ ገሥጾም የሳትያ ናዴላን ታሪክ አመጣ። ዛሬ ማይክሮሶፍትን የሚመራው ሰው በ1994 ግሪን ካርድ ነበረው። ሕጉ ለግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ረጅም ሰልፍ፣ ለኤች ዋን ቢ ባለቤት ሚስት ግን ፈጣን መንገድ ስለነበረው፣ ዴልሂ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ግሪን ካርዱን መልሶ ወደ ጊዜያዊው ቪዛ ወረደ። ቋሚ ነዋሪ ከጊዜያዊው በታች የሚሆንበት ሕግ ማን አወጣው ብሎ ሦስት ሰው ተሳሳቀ።

15ኛው ስለ ሠራተኛ ቅነሳው ያለንን አስተሳሰብ ለማረም መጣ። ሜታ በኖቬምበር 2022 ከ11,000 በላይ፣ ጉግል 12,000 ያህል፣ ማይክሮሶፍት 10,000 ሠራተኛ በጃንዋሪ 2023 እንደሚቀንሱ ሲያስታውቁ ቪዛው አልጨመረም፤ ጣሪያው ያው ነበር። የተለወጠው ሌላ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን በማርች 2022 ከዜሮ አቅራቢያ አንሥቶ በጁላይ 2023 እስከ 5.5 በመቶ አደረሰው፤ ርካሽ ብድር አለቀ። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ በ2017 የወጣው የታክስ ሕግ ከ2022 ጀምሮ ኩባንያዎች ለሶፍትዌር ልማት ያወጡትን ወጪ በዚያው ዓመት ከታክስ ሒሳብ መቀነሳቸውን ከልክሎ በአምስት ዓመት፣ በውጭ አገር ለተሠራ ደግሞ በ15 ዓመት እንዲያከፋፍሉት አስገደደ። ፕሮግራመሮች የቀጠረ ትንሽ ኩባንያ ያላተረፈውን እንዳተረፈ ተቆጥሮ ታክስ ተጠየቀ። በጁላይ 2025 ለአገር ውስጥ ሥራ ተስተካከለ፤ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ስለ ኢሚግሬሽን በምንጮህበት ሰዓት ማንም ስለዚህ አንቀጽ አለመጮሁ እኔንም ያሳፍረኛል።

16ኛው ቅነሳውን ሁሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ደፈደፈ። 17ኛው በሁለት መስመር መለሰለት፦ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ነው፤ ሜታ ቅነሳውን ያስታወቀው ኖቬምበር 9 ነው። 16ኛው ከዚያ በኋላ ስለ ጀማሪ ፕሮግራመሮች የወደፊት ዕጣ መከራከር ቢፈልግም፣ አንድ ጊዜ በቀን መቁጠሪያ የተረታን ሰው ማን ይሰማዋል።

18ኛው ወደ እኔ ስሌት ተመለሰና አፈረሰው። መቶ ሺህ የተጠየቀ ኩባንያ ሁለት ሳይሆን አራት መንገድ አለው አለኝ። ክፍያው ከአገር ውጭ ላለ ሰው ስለሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሚማሩት የውጭ ተማሪዎች ይቀጥራል፤ እነሱ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ከተመረቁ ያለ ኤች ዋን ቢ እስከ 36 ወር ሊሠሩ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላም እዚያው ሆነው ወደዚህ ቪዛ ሲዛወሩ ክፍያው አይመለከታቸውም። ወይም ሥራውን ራሱን ወደ ውጭ ያወጣዋል። ብሪታ ግሌነን ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ ቪዛው ሲጠብቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ቅጥራቸውን ወደ ካናዳ፣ ወደ ሕንድና ወደ ቻይና አዛወሩ። ካናዳማ በጁላይ 2023 የአሜሪካን ኤች ዋን ቢ ለያዙ 10,000 ሰዎች የሥራ ፈቃድ ስታቀርብ ቦታው ሁለት ቀን ሳይሞላ አለቀ። እኔ ለኩባንያው ይክፈል ወይም አሜሪካዊ ይቅጠር የሚል ምርጫ ብቻ ሰጥቼው ነበር።

19ኛው ሐኪም ነው። ስለ ኮምፒውተር ብቻ ማውራታችንን ታዘበ። ከከተማ የራቁ ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ሐኪም የሚያገኙት በዚህ ቪዛ ነው፤ ባለትሪሊዮኑ ኩባንያ መቶ ሺህ ዶላር ሲከፍል አይሰማውም፤ የገጠር ሆስፒታል ግን ይሰማዋል። አዋጁ ለአገር ጥቅም ሲባል ከክፍያው ነፃ ማድረግን ይፈቅዳል፤ ይህም ማን ይጠቀማል የሚለውን ከገበያ አውጥቶ በባለሥልጣን መዳፍ ያስገባዋል አለ። ይህን አላሰብሁትም ነበር።

20ኛው የእኔ ነው። ስሌቴ ስቷል ብዬ አመንሁ። በቋሚ ክፍያ ፈንታ ቦታውን ለከፍተኛ ደመወዝ ቅድሚያ መስጠት የተሻለ መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቪዛው ከአሠሪው እጅ ወጥቶ በሠራተኛው እጅ መግባት እንዳለበት ጻፍሁ። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በሴፕቴምበር 2025 ዕጣው በደመወዝ እርከን እንዲመዘን፣ አራተኛው እርከን አራት ጊዜ፣ የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ዕጣ ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ ማቅረቡን ጠቀስሁ።

21ኛው ያ የተቆጣው 11ኛው ነበር፤ ወደ እርስዎ ተመልሷል። የጠቀስሁት ሐሳብ አዲስ እንዳልሆነ፣ ተመሳሳዩ በጃንዋሪ 2021 ወጥቶ የመሥሪያ ቤቱ የወቅቱ ኃላፊ ቻድ ዎልፍ በሕጋዊ መንገድ አልተሾመም ተብሎ በዚያው ዓመት በፍርድ ቤት እንደተሻረ አስታወሰኝ። ቀጥሎም የእርከኑን ቀዳዳ አሳየኝ፤ እርከን በሙያና በአካባቢ ውስጥ ያለ ደረጃ እንጂ የዶላር መጠን አይደለም። ደመወዙ ዝቅተኛ በሆነ ሙያ አራተኛ እርከን ያለው ሰው፣ ውድ በሆነ ከተማ አንደኛ እርከን ላይ ሆኖ ከእሱ የበለጠ የሚከፈለውን ሰው በዕጣው ሊበልጠው ይችላል። መምህሩንም ይቅርታ ጠየቀ፤ በአንድ ቃል ብቻ። ከዚያም 4ኛውን ያሠለጠንኸው ልጅ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀው።

22ኛው የ4ኛው መላሽ መልስ ነው። ልጁ በሁለት ዓመቱ ተሰናብቷል፤ ተቋራጩ ውሉን ለሌላ ተቋራጭ አስረክቦ ሥራው ወደ ባሕር ማዶ ሄደ። ከስድሳው ቀን አርባ ያህሉ ካለፈ በኋላ ወደ ሰውየው ደውሎ የድጋፍ ደብዳቤ ለመነው። ሰውየው ጻፈለት፤ በደብዳቤው ላይም ልጁ የመረጃ ቋቱን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ፣ ያስተማረውም ራሱ እንደሆነ መሰከረ።